የጎጆው ግብር እና የጣራው ግብር

በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን የከፈትኩት እሑድ ማታ ነው። ስለ ሴራሊዮን ሳነብ ሰንብቼ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ቢበዛ አሥር ሰው ይመልስልኛል ብዬ ለጠፍኩት። እስከ ሐሙስ 31 መልስ ገባ። ሁሉንም መገልበጥ አይቻልም፤ አንዳንዱማ ባይገለበጥም ይሻላል። የተባለውን በተራ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹን የምጠራቸው በመልሳቸው ተራ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ የእኔ ጽሑፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰር ፍሬድሪክ ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ወታደር በ1894 የሴራሊዮን አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ያኔ ቅኝ ግዛቱ ማለት ፍሪታውንና ዙሪያዋ ነው። ከዚያ ባሻገር ያለው ሰፊ አገር የቴምኔዎች፣ የሜንዴዎችና የሌሎችም ነበር። በየባላባታቸው ይተዳደራሉ፤ ከእንግሊዝ ጋር ያላቸውም የወዳጅነት ውል ነው። ኦገስት 31 ቀን 1896 እንግሊዝ ያ ሁሉ አገር በእኔ ጥበቃ ሥር ነው ብላ አወጀች።

ወዲያው ሕግ ተከተለ። አገሩ በአምስት አውራጃ ተከፈለ። በየአውራጃው እንግሊዛዊ ሹም ተቀመጠ፤ ከባላባቶቹ ዳኝነትም ዋና ዋናውን ወሰደ። ባሪያ መሸጥ ተከለከለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1898 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በዓመት 5 ሽልንግ ግብር ይክፈል ተባለ።

አገረ ገዥ ሕግ ስላወጣ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ፍሪታውን ያለው የሕግ ምክር ቤት ካጸደቀው በኋላ ግልባጩ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ለንደን ይሄዳል። እዚያ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ጆሴፍ ቻምበርሌን አለ። እሱ ካልተዋጠለት ሕጉ በንግሥቲቱ ስም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ካርዲው ማስረዳት ነበረበት። የማብራሪያው ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ አስተዳደርና ፖሊስ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወጪውን የሚጠበቀው አገር ራሱ ይሸፍን፣ 5 ሽልንግም የሚከብድ አይደለም። ግብሩ መሰብሰብ በጀመረ በሁለተኛው ወር ሰሜኑ ተኩስ በተኩስ ሆነ። ጥያቄዬ ይህ ነበር፤ ካርዲው ለንደንን ዋሸ ወይስ የጻፈውን ራሱም አምኖበታል?

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ምስጋናውን አስቀድሞ፣ የራሳችን ታሪክ አልቆ ነው ወይ ሴራሊዮን የተሻገርነው ሲል በትሕትና ጠየቀ። እኔ ሳልመልስ ቁጥር 2 ቀደመኝ። አድዋ ማርች ላይ፣ የካርዲው አዋጅ ኦገስት ላይ፣ ሁለቱም በ1896 መሆናቸውን አስታወሰ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያስነሣው ጠብ ጥበቃ በምትል ሐሳብ ላይ መሆኑንም ጨመረ። እኛ በጦር የመለስናት ቃል በዚያው ዓመት ሌላው ቤት ሰተት ብላ ገባች ማለት ነው። ቁጥር 1 ላይክ አድርጎ ዝም አለ።

ቁጥር 3 እርማት ይዞ መጣ። ግብሩ ከመጀመሪያው ለሁሉም 5 ሽልንግ አልነበረም። በመጀመሪያው ድንጋጌ አራት ክፍልና ከዚያ በላይ ያለው ቤት 10 ሽልንግ፣ ሌላው 5 ይከፍል ነበር። ሁሉም 5 የሆነው አቤቱታ ከበዛ በኋላ ነው። ልክ ነው፤ ጽሑፌን አስተካከልኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልን።

ከሁሉ ያቆየኝ ቁጥር 4 ነው። ጸሐፊዋ ሴት ናት፤ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ። ስሙን ባልጠቀሰችው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት የረቂቅ መመሪያ ማብራሪያ ስትጽፍ ኖራለች። ማብራሪያ የሚጻፈው ውሳኔው ካለቀ በኋላ መሆኑን ነገረችን። አለቃ ረቂቁን ያወርዳል፤ እሷ አስፈላጊነቱ የሚል ርዕስ ትከፍትና ለምን እንዳስፈለገ ወደኋላ ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ሰፊ ምክክር ተደርጓል የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቢ ተባለች። ምክክሩ አንድ አዳራሽ ውስጥ የግማሽ ቀን ስብሰባ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ ቀረበ። ከሻይ በኋላ ግማሹ ሰው አልተመለሰም። ከተመለሱት አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው ረቂቁን ቀድመን ለምን አላየነውም ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ተሳታፊዎች ለረቂቁ ያላቸውን ጉጉት ገለጹ ተብሎ ሠፈረ። የጻፈችው ራሷ ናት፤ አልደበቀችም። እንዳልዋሸች ያኔ ታምን ነበር፤ ሰውየው በእርግጥ ረቂቁን ለማየት ጓጉተዋላ! ስለዚህ ለእኔ ጥያቄ መልሷ፣ ካርዲው ዋሸ ወይስ አመነ ብሎ መለያየቱ ዋጋ የለውም የሚል ነው። ማብራሪያ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን በአንድ ብዕር እንደሚጽፋቸው ያውቃል።

ቁጥር 5 ግን ይህ አልጣመውም። ካርዲው ጠረጴዛ ላይ ያደገ ጸሐፊ ሳይሆን ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ያገለገለ ወታደር ነው፤ ጠብመንጃ ያዘለን ሰው ከቦንቦሊኖ ጋር ማወዳደር ቀልድ ነው አለ። አነጋገሩ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር። ግን ነጥብ አለው። ካርዲው አገሩን ከቢሮ አላወቀውም። ወደ መሃል አገር ረጃጅም ጉዞ አድርጓል፣ ባላባቶቹን በየመንደራቸው አግኝቷል። ሄዶ አይቶም ካልገባው ነገሩ ይብሳል።

ምን እንዳልገባው የጠቆመው ቁጥር 6 ነው። ያኔ ምዕራብ አፍሪካን ተዘዋውራ የተመለሰች ሜሪ ኪንግስሊ የምትባል እንግሊዛዊት ግብሩን በአደባባይ ተቃውማለች። ክርክሯ የብሩ መጠን ላይ አልነበረም። በዚያ አገር ሕግ ለአንድ ነገር በየጊዜው የምትከፍል ከሆነ ነገሩ ያንተ አይደለም ማለት ነው። የራስህን ቤት ግብር ክፈል ስትባል የምትሰማው ቤትህ ተወሰደ የሚለውን ነው። ቁጥር 7 ደግሞ ይህን ለመስማት እንግሊዛዊት ለምን አስፈለገችን ሲል ቱግ አለ። የቴምኔ ባላባቶች በ1897 ራሳቸው ፍሪታውን ድረስ ወርደው አቤት ብለዋል። ዳኝነታችን ተወሰደ፣ ግብሩንም አንችልም ብለው አስጽፈዋል። ቃላቸው መዝገብ ላይ እያለ የተጓዥ ምስክርነት መጥቀስ ሰዎቹን ሁለተኛ ዝም ማሰኘት ነው አለ። ቁጥር 6 ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ከልብ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ቁጥር 8 መጡ። እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አናውቅም፣ ከንጉሡ ዘመን እንደሚያወሩ ግን እናውቃለን። እሳቸው ነገሩን ወደ አማርኛ መለሱት። በእኛ አገር ርስት ያለው ሰው ይገብራል፤ መገበሩም ርስቱ የእሱ ለመሆኑ ምስክር ነው። የሰው መሬት የሚያርስ ግን ሲሶ ወይም እኩል ይከፍላል፤ እሱ ጭሰኛ ነው። ሁለቱም ይከፍላሉ፤ ግን አንዱ ሲከፍል ባለቤት፣ ሌላው ሲከፍል ጥገኛ ይሆናል። ካርዲው የተናገረው ግብር ነው፤ ቴምኔዎቹ የሰሙት ሲሶ ነው። ጋሼ ከዚህ በላይ አልጻፉም። በእኔ ግምት ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ ይበቃው ነበር። ግን ክር መቼ ይዘጋል!

ቁጥር 9 ጭሰኛ የሚለው ቃል ጭስ ከሚለው መምጣቱን ሊያስረዳን ተነሣ፤ የሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው፣ ስለዚህ እኛም የጎጆ ግብር ነበረን አለ። ቁጥር 10 የቃሉን ምንጭ ሳይቃወም መደምደሚያውን ተቃወመ፤ ጭሰኛ የሚከፍለው በምርቱ እንጂ በጎጆው አይደለም። መሃል ላይ ግን አንድ ቆንጆ ነገር ጣል አደረገ። አያቱ የመንደሩን ሰው የሚቆጥሩት በጭስ ነበር። ጠዋት ደጅ ወጥተው በየጣራው የሚወጣውን እያዩ እገሌ ገና አልተነሣም፣ እነ እገሌ እንግዳ አለባቸው ይሉ ነበር። ከሴራሊዮን ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም። ወድጄዋለሁ።

ከዚያ ፍሬኑ ተበጠሰ። ቁጥር 11 ጎጆ ተነሥቶ የጣራና ግድግዳ ግብር ሳይነሣ ሊታለፍ ነው ወይ አለ። ቁጥር 12 የራሱን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ፤ ስሙን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል፣ ጥፍሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ የወጣው ስምንት ሰዓት ላይ መሆኑን አማረረ። 13 አዘነለት። 14 እኔ በስልኬ ነው የምከፍለው ብሎ ተመጻደቀ። 15 ለ14 መልስ ሰጠ፤ እሱን ልዝለለው። 16 እኔ ነኝ፤ እባካችሁ ወደ 1898 እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

የመለሰን ለንደን የሚኖር ወንድማችን ነው፤ ቁጥር 17። ኪው ያለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቶ የሴራሊዮንን ደብዳቤዎች አይቷል። ሲኦ 267 በሚባለው ምድብ ውስጥ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። መታወቂያ አሳይተህ ካርድ ታወጣለህ፣ ቦርሳህን ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለህ፣ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ ይዘህ አትገባም። ጥራዙ መጥቶ ትራስ ላይ ይቀመጥልሃል። እሱን ያስገረመው ደብዳቤው ሳይሆን አብሮት ያለው የአስተያየት ወረቀት ነው። ደብዳቤ ለንደን ሲደርስ የቀኑ ማኅተም ይመታበታል። መጀመሪያ የሚያነበው ትንሹ ጸሐፊ ነው፤ አስተያየቱን ይጽፋል። ከእሱ ከፍ ያለው ከሥሩ ይጽፋል። እያለ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በመጨረሻ የሚኒስትሩ ስም መነሻ ሁለት ፊደል በፊርማ ፈንታ ይቀመጥበታል። ላይ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ደብዳቤውን ሳይሆን ከሥር የመጣውን አስተያየት ይመስለኛል አለ ወንድማችን። ቁጥር 4 ይህን አይታ ሦስት የሳቅ ምልክት ለጠፈች።

ቁጥር 18 ሌላ የተረሳ ሕግ አነሣ። በደቡብ፣ ሜንዴና ሸርብሮ አገር፣ ፖሮ የሚባል ምስጢራዊ የወንዶች ማኅበር አለ። ፖሮ በአንድ ነገር ላይ ምልክቱን ካኖረ ማንም አይነካውም። በ1897 በዚህ ሥልጣኑ የዘንባባ ፍሬ ለእንግሊዝ ነጋዴ እንዳይሸጥ አደረገ፤ ንግዱ ቆመ። ካርዲው ወዲያው ፖሮን ለንግድ ማገጃ መጠቀም ወንጀል ነው የሚል ድንጋጌ አወጣ። ቁጥር 18 እንዳለው ይህን ለለንደን ማስረዳት በጣም ቀላል ነው። ነፃ ንግድ ተደናቀፈ ብለህ ከጻፍክ የትኛውም እንግሊዛዊ ጸሐፊ ቅር አይለውም። አገሬው ግን የገዛ ፍሬዬን አልሸጥም የማለት መብቴ ተነጠቀ ነው የሚለው።

ከዚህ በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ በክሩም ውስጥ። ቁጥር 19 ስለ ባይ ቡሬ ጻፈ። በሰሜን ያለችው የካሴ ገዥ ነበር፤ በ1892 ከእንግሊዝ ጎን ቆሞ ተዋግቷል። በፌብሯሪ 1898 ግን ሊይዙት ሲመጡ ተኩስ ገጠመ። ጫካውን ስለሚያውቅ ወራት ሙሉ አሯሯጣቸው። ካርዲው ላመጣው 100 ፓውንድ እሰጣለሁ ሲል፣ ባይ ቡሬ ደግሞ አገረ ገዥውን ላመጣልኝ 500 እሰጣለሁ አለ። ቁጥር 19 ይህን ሲጽፍ በቃለ አጋኖ ሞላው፤ አድዋን ሁለት ጊዜ ጠራ። ቁጥር 20 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። የ100 ፓውንዱ ጉዳይ እርግጥ ነው፤ የ500ው ግን በአፍ የሚነገር ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ ታሪክ አናድርገው አለ።

ቁጥር 21 ጉዳዩን ወደማይመች ቦታ ወሰደው። በኤፕሪል መጨረሻ ደቡቡ ሲነሣ የሞቱት ግብር ሰብሳቢዎች ብቻ አይደሉም። የክሪዮ ነጋዴዎች፣ ሴቶች፣ መምህራን፣ ሚሲዮናውያን ተገድለዋል። ክሪዮ ማለት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ዘር ነው፤ እንግሊዝኛ ስለተናገሩና ሱሪ ስለለበሱ እንደ እንግሊዝ ተቆጠሩ። ካርዲው ደግሞ በበኩሉ የፍሪታውን ጋዜጦችና ነጋዴዎች ባላባቱን አሳመፁብኝ ብሎ ለለንደን የጻፈው ስለ እነሱው ነው። ከሁለት ወገን ተመቱ። ቁጥር 22 ይህን የጻፈውን ባንዳ ብሎ ሰደበው፤ አድሚኑ አጠፋው። እኔም ልናገር ብዬ ተውኩት። 21 ያለው እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግብሩን ትክክል አያደርገውም። ሁለቱን ባንድ ራስ መያዝ ለምን እንደሚከብደን አይገባኝም።

ቁጥር 23 ለእኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው። ለንደን ነገሩን እንዲያጣራ ሰር ዴቪድ ቻልመርስ የተባለ ዳኛ ላከች። በ1898 መጥቶ ምስክር ሰማ። ግጭቱን ያመጣው ግብሩና የተሰበሰበበት መንገድ ነው፣ ግብሩ ይቅር ብሎ ጻፈ። ካርዲው ረጅም መልስ ጻፈበት፤ ዋናው ምክንያት ባሪያ ንግዱና ሥልጣኑ የቀረባቸው ባላባቶች ቁጣ ነው አለ። ቻምበርሌን ሁለቱንም አነበበ። ግብሩ ጸና። ቁጥር 23 ምክንያቱን ሲገምት፣ ሕጉን ሲቀበል የፈረመው ራሱ ቻምበርሌን ስለነበር ነው አለ። የካርዲውን ማብራሪያ ቢጥል የራሱን ፊርማ መጣሉ ነው። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ።

ቁጥር 24 የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ባይ ቡሬ በኖቬምበር 1898 ሲያዝ በአገር ክህደት ሊከሰስ አልቻለም። የለንደን የሕግ አማካሪዎች ሲያዩት ሰውየው የሚጠበቅ አገር ሰው እንጂ የንግሥቲቱ ዜጋ አይደለም፤ የእሱ ያልሆነችውን ንግሥት ሊክድ አይችልም። በ1899 ያለ ፍርድ ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና፣ ተጋዘ። ለግብር ሲሆን ተገዥ፣ ለክስ ሲሆን ባዕድ! ሌሎች ዕድለኛ አልነበሩም፤ 96 ሰዎች በነፍስ ግድያ ተሰቅለዋል።

25 ደጃዝማች ባህታ ሓጎስን አነሣ፤ ጣልያን ኤርትራ ውስጥ መሬት ሲነጥቅ በዲሴምበር 1894 አካለ ጉዛይ ላይ የተነሡትን። 26 ያ ቁጥር 5 ነው፤ ተመልሶ መሬት መንጠቅና ግብር መጣል አንድ አይደሉም ብሎ ተከራከረ። 27 ሁለቱንም ትቶ ፍሪታውን ራሷ ቀድሞ የቤት ግብር እንደነበራት ነገረን። ፖፕ ሄነሲ የሚባል አገረ ገዥ በ1872 ሲያስቀርላቸው ሕዝቡ ቀኑን በዓል አድርጎ አከበረለት። ግብር አስቀርቶ በዓል የተሰየመለት ሹም ሌላ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ቁጥር 28 የጡረተኛዋ ነው። ካርዲው በ1900 ሹመቱን ጨርሶ ሄደ፣ ባይ ቡሬ በ1905 ወደ ካሴ ተመለሰ፣ ግብሩ ግን ቀረ ወይ ብላ ጠየቀች። 29 አልቀረም፣ ቀጠለ አላት። እሷም እንደገመተችው ነበር። አለቃ ይቀየራል፣ ማብራሪያው ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ቁጥር 30 ያ ባለ ደረሰኙ ልጅ ነው። ጋሼ የጻፉትን ዘግይቶ ማንበቡን ነገረን። ለምን ያን ሁሉ ሰዓት እንደሚሰለፍ አሁን ሊያስረዳን ፈለገ። ቤቱ ጨረቃ ቤት ነው፤ እናቱ ናቸው የሠሩት። ካርታ የለውም። ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው። በየዓመቱ የከፈሉበትን አንድም ሳይጥሉ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አኑረው ነው የሞቱት። ቤቱ የማነው ያለ ሰው ሲመጣ ቆርቆሮው ይከፈታል። አንድ ዓመት ቢዘል መሃሉ ይጎድላል፤ ለዚህ ነው የሚሰለፈው። ቴምኔዎቹ ከከፈልን ቤታችን ይሄዳል ብለው ተዋጉ፤ እሱ ካልከፈልኩ ቤቴ ይሄዳል ብሎ ይሰለፋል። እኔ ተውልን ያልኩት የጣራና ግድግዳ ወሬ እዚህ መድረሱን ሳይ አፈርኩ።

ቁጥር 31 ጋሼ ናቸው። ልጁን አይዞህ ካሉት በኋላ፣ ያ ካርዲው የሚሉት ሰው ደረሰኝ ይሰጥ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ።